ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ እንግዳ

በእናቴ ቤት የማታው ቡና ሰዓቱን የቀየረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቡናው የሚፈላው ጎረቤት ተጠራርቶ ሲሰበሰብ ነበር፤ የሚያልቀውም ወሬው ሲያልቅ ነው። የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ግን በረካው ከድራማው በፊት መጠጣት ነበረበት። ጎረቤታችን ነጠላዋን እያጣፋች ስትገባ ከ“እንዴት አመሻችሁ” ቀድማ “ጀመረ እንዴ?” ትላለች። በቴሌቪዥኑ መስኮት የኢስታንቡል ባሕር ይታያል። ቱርካዊቷ ሴት በአማርኛ ታለቅሳለች። እናቴም የገዛ ልጇን እንደምትመክር ሁሉ “ተይው ልጄ፣ ይሄ ሰው አይሆንሽም” ትላታለች።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈው እንደ ማንኛውም ተመልካች ነው። ሆኖም አሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ሳሎን ተቀምጦ የቤተሰቡን ዓይን የተከታተለ ሰው፣ ባለሙያዎቹ ሲከራከሩ ያላነሡትን ነገር ማየቱ አይቀርም። እኔ ያየሁት ይህን ነው፦ ተመልካቹን ከአገሩ ድራማ የነጠቀው ቀጠሮ ነው። ትርጉም ድራማው በየማታው ሰዓቱን ጠብቆ መጣ፤ የእኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ አርፍዶ መጣ፣ አንዳንዴም ሳይሰናበት ቀረ። ይህን ሳንረዳ ስለ ባህል ወረራ ብንከራከር በሽታውን ትተን ላቡን መጥረግ ይሆንብናል።

ያኔ የተነሣው ክርክር

ቃና ሲጀምር የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችና ማኅበሮቻቸው ስጋታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ስጋቱ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ባህል ነው፤ የባዕድ አለባበስ፣ የባዕድ የፍቅር አያያዝ፣ ሴራና ክህደት በየማታው ልጆች ፊት መቅረቡ። ሁለተኛው እንጀራ ነው፤ አንድ ጣቢያ ተዘጋጅቶ ያለቀ ሥራ በርካሽ ገዝቶ ድምፅ ብቻ ከቀየረ፣ ተዋናይ ቀጥሮ፣ ቦታ ተከራይቶ፣ ካሜራ አቁሞ የሚሠራውን ሰው ማን ይቀጥረዋል?

ሁለተኛው ስጋት እውነት ነበረበት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ግን ጎራውን “የውጭ” እና “የአገር ቤት” ብሎ በመክፈል ነገሩን አቀለለው። ከቃና መሥራቾች አንዱ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ይኸው ሰው የጠለፋ ጋብቻን ጉዳይ ይዞ የተነሣውን “ድፍረት” የተሰኘ ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ነው። “ድፍረት” በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ስለ አገሩ ሴት ልጅ ፍትሕ በአማርኛ ፊልም የሠራና ዓለምን ያስጨበጨበ ሰው፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ ትርጉም ድራማ ሲገባ ነገሩ ከባህል ጥላቻ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል። አንድ ፊልም ለመሥራት ምን ያህል ዓመት፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ተመልካቹ ከቤት የወጣው መቼ ነበር?

የትርጉም ድራማ ወቀሳ አንድ ነገር ይዘነጋል። ቃና ሲመጣ ተመልካቹ የአገሩን ጣቢያ ትቶ ከወጣ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በቀለም ማየት የቻልነው በ1977፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ለአሥርት ዓመታት የነበረን ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። አንድ ጣቢያ ሲሆን ምርጫ የለም፤ ነገር ግን የጋራ ወሬ አለ። የአዳነች ወልደገብርኤል “ገመና” በሚታይበት ዘመን በነጋታው ታክሲ ውስጥም መሥሪያ ቤትም ያው ታሪክ ይነሣ ነበር። የመስፍን ጌታቸው “ሰው ለሰው” ሲመጣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የክፉ ሰው መለኪያ ሆነ። በሰፈሬ ተንኮል የሠራ ሁሉ “አስናቀ” ይባል ነበር። ሕዝብ የገዛ አገሩን ድራማ እንደሚወድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚያው ዘመን ጣሪያው በዲሽ ተሞላ። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ኢቢኤስ በሳተላይት መጣ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ የዐረብ ጣቢያዎች በነፃ ይገቡ ነበር። ኤምቢሲ 2 በየቤቱ የሆሊዉድ ፊልም ያሳያል። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ አንዱንም በቅጡ አይሰማውም። ግን ይታያል። አባቴ ጽሑፉን ሳያነብ፣ ንግግሩን ሳይሰማ፣ ከተዋናዩ ፊት ብቻ ታሪኩን እየገመተ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጥ ነበር።

ይህን ሰው ነው ቃና ያገኘው። በማይገባው ቋንቋ ከሚያይበት ጣቢያ አንሥቶ ወደ አማርኛ መለሰው። ታሪኩ የቱርክ ቢሆንም ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። በዚህ በኩል ትርጉም ድራማ ከአገር ቤት ጥበብ ሌባ ከመሆኑ በፊት ለአማርኛ ባለውለታ ነበር። ይህን መመስከር ተገቢ ነው።

እንግዳው የመጣበት መንገድ

የቱርክ ድራማ ወደ እኛ የመጣው በቀጥታ አይደለም። መጀመሪያ የዐረቡን ዓለም አቋርጧል። “ጉሙሽ” የተባለው የቱርክ ድራማ በሶርያ ዐረብኛ ድምፅ ተቀድቶ “ኑር” በሚል ስም በኤምቢሲ ሲተላለፍ፣ በነሐሴ ወር 2008 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተዘግቧል። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቁ ሙፍቲ ድራማውን አወገዙ። ሆኖም ድራማው አልቆመም፤ ኢስታንቡል በዐረብ ጎብኚ ተጥለቀለቀች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ኤምቢሲ የቱርክ ድራማዎችን በሙሉ ከሥርጭት አወረደ። የዚያን ጊዜው ምክንያት የመንግሥታት ፖለቲካ እንጂ የተመልካች ጥላቻ አልነበረም።

እነዚያን ድራማዎች ከእኛ ቀድመው ያዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ የአሠሪያቸውን እራት እያነሡ በዐረብኛ ሲያዳምጧቸው ኖረዋል። በሰፈራችን ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀውን ታሪክ ፍጻሜውን ታውቀው ነበር። ዝም ትላለች፤ የሰውን ጉጉት ማጥፋት አልፈለገችም። ለእናቴ አዲስ የሆነው ድራማ ለእሷ የስደት ዓመታት ትዝታ ነበር።

የሒሳቡ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቱርኮች በየማታው የሚታይ ድራማ ከየት አመጡ?

መልሱ ግልጽ ሒሳብ ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ የሚታየው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ሆኖም አንዱ ክፍል ከ2 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ወቅቱም ከመስከረም እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ወደ ውጭ ሲሸጥ እያንዳንዱ ረጅም ክፍል በ45 ደቂቃ ይቆራረጣል። በወቅት 35 ክፍል፣ እያንዳንዱ 130 ደቂቃ ነው እንበል። ይህ 4,550 ደቂቃ ነው፤ ወደ 76 ሰዓት ይጠጋል። በ45 ደቂቃ ሲከፈል 101 ክፍል ይወጣዋል። በሳምንት አምስት ቀን ቢታይ 20 ሳምንት ያቆያል ማለት ነው። አንድ ወቅት ብቻ አምስት ወር ገደማ ሳሎናችንን ይይዛል።

የእኛን ሳምንታዊ ድራማ በዚሁ ሚዛን እናስቀምጠው። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ድራማ አንድም ሳምንት ሳያስታጉል ዓመቱን ሙሉ ቢተላለፍ 26 ሰዓት ነው። ቱርኮቹ በአንድ ወቅት የሚያመርቱትን ለማምረት ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይፈጅበታል። እሱም ካላቋረጠ ነው። ተመልካቹ ማታ 2 ሰዓት ላይ ዜና ሲጀምር በየቀኑ የሚሄድበት ቤት ይፈልጋል። ሳምንት ቆይቶ የሚከፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

ዋጋውም ከዚሁ ሒሳብ ጋር ይሄዳል። የቱርኩ አምራች ወጪውን ገና በአገሩ ማስታወቂያ ሸፍኗል። ለእኛ የሚሸጠው ከዚያ በላይ የሚገኝ ትርፍ ስለሆነ እንደ ገበያው አቅም ዋጋ መቀነስ አያቅተውም። ገዢው ጣቢያ የሚያወጣው ለፈቃዱ፣ ለተርጓሚው፣ ለድምፅ ተዋናዩና ለስቱዲዮው ነው። ተዋናይ፣ አልባሳት፣ መኪና፣ ቪላ፣ መብራት፣ ምሳ፣ ጀነሬተር ሁሉ ቱርክ ውስጥ ተከፍሎበታል። የአዲስ አበባው አዘጋጅ ይህን ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ባለሙያዎቹ “ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም” ሲሉ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው።

የቱርክ ድራማ ብዛት ግን በነፃ አልተገኘም። በየሳምንቱ ከአንድ ሙሉ ፊልም የሚረዝም ክፍል ማድረስ ሠራተኛውን አድክሞታል። በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ የድራማ ሠራተኞች የክፍሎቹን ርዝመትና የሥራ ሰዓታቸውን ተቃውመው ድምፃቸውን አሰምተዋል። እናቴ ማታ በምቾት ተቀምጣ የምታየው ድራማ የሌላ አገር ሰው እንቅልፍ የተከፈለበት ነው። ስለዚህ “እንደ ቱርክ እንሥራ” ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

አማርኛና ቱርክኛ የሚገናኙበት

የትርጉም ድራማው ስኬት በቀጠሮው ብቻ አይደለም። ቋንቋውም ረድቶታል፤ ይህን ደግሞ ሲነገር ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ተናጋሪው ነገሩን ሁሉ ዘርዝሮ ፍርዱን በመጨረሻ ይጥላል። ስለዚህ ቱርካዊው ተዋናይ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሲያወጣ፣ አማርኛውም በዚያችው ቅጽበት ግሱ ላይ ይደርሳል። ፊቱና ቃሉ አይጣሉም። ኮሪያኛም ግሱን ከኋላ የሚያመጣ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሱን መሐል ላይ ይጥለዋል፤ ተዋናዩ ፊቱን ሲቀይር አማርኛው ገና ነገሩን አልጨረሰም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቱርኩ ለሚወዳት ሴት “ሴኒ ሴቪዮሩም” ይላል። አማርኛው “እወድሻለሁ” ነው። ሁለቱም ስድስት ያህል የድምፅ ምት አላቸው፤ ሁለቱም አድራጊውን ከግሱ ጋር አጣብቀው ይናገራሉ። እንግሊዝኛው ሦስት አጭር ምት ብቻ ስለሆነ አማርኛው ሲቀዳበት ከንፈሩ ከቆመ በኋላ ድምፁ ይቀራል። ከዚህ በላይ አማርኛና ቱርክኛ የሚጋሯቸው ቃላት አሉ፤ ሰላም፣ ሰዓት፣ ዱንያ። እነዚህ ሲመጡ ከንፈርና ድምፅ ጨርሶ ይገጥማሉ።

ተርጓሚው ግን ከባድ ሥራም ነበረበት። ቱርክኛ ለወንድም ለሴትም ያለው ተውላጠ ስም አንድ ነው። አማርኛ “እሱ” ወይም “እሷ” ሳይል አያልፍም። ቱርክኛ የቅርብ ሰውን በአንድ ቃል ሲጠራ አማርኛ “አንተ” ወይም “አንቺ” ብሎ መለየት አለበት። አክብሮት ሲመጣ ደግሞ “እርስዎ” አለ። ምራት አማቷን “አንቺ” ብትል የአማርኛ ተመልካች ያንን ቤት እንደ ፈረሰ ቤት ያየዋል። ቱርኮች ታላቅ ወንድምን “አቢ”፣ ታላቅ እህትን “አብላ” ይላሉ፤ እነዚህ በአማርኛ “ጋሼ” እና “እትዬ” ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህም ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከየት ሰፈር እንደሆነ ይወስናል። ስማቸው በመጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ ተርጓሚዎች የሠሩት ሥራ ይህ ነው። በየማታው የማኅበራዊ ኑሮ ሕግ እየወሰኑ አለፉ። ተመልካቹ ልብ ሳይለው መቅረቱ ለሥራቸው ጥራት ምስክር ነው።

ነገር ግን የጠፋ ነገርም አለ። በትርጉም ድራማ ውስጥ ገበሬው፣ ባለሀብቱ፣ ፖሊሱና ሽማግሌው አንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራሉ። ቱርኮች በአገራቸው የምሥራቁን ሰው በአነጋገሩ ይለዩታል፤ ያ ልዩነት ወደ እኛ ሲደርስ ተደፍጥጧል። የጎጃም፣ የወሎ፣ የጎንደር፣ የሸዋ አነጋገር እዚያ ቦታ የለውም። አሥር ዓመት እንዲህ ያለውን አማርኛ ብቻ ሲሰማ ያደገ ልጅ፣ የአያቱ አማርኛ የቀልድ ድራማ ቋንቋ ብቻ እንደሆነ ቢያስብ አይገርምም። የባህል ስጋት ካለ የእኔ ስጋት ይህ ነው። አለባበሱ አያስፈራኝም።

ኮሪያ ያደረገችው

በእኛ ዓይነት ቦታ ላይ የቆሙ ሌሎች አሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኩባንያዎች ፊልሞቻቸውን በደቡብ ኮሪያ በቀጥታ ማከፋፈል ሲጀምሩ የኮሪያ ፊልም ሰዎች አመፁ፤ በተቃውሞው ጊዜ ሲኒማ ቤት ውስጥ እባብ የለቀቁም ነበሩ። አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የኮታ ሕግ ነበራት፤ ሲኒማ ቤቶች በዓመት 146 ቀን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ ይገደዱ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር በግማሽ ቀንሶ 73 ቀን ሆነ።

ኮታው ብቻውን ግን የኮሪያን ፊልም አላሳደገውም። በ1984 እ.ኤ.አ. መንግሥት የፊልም ጥበብ አካዳሚ ከፍቶ ነበር። “ፓራሳይት” በተሰኘው ፊልሙ በ2020 እ.ኤ.አ. የኦስካርን ምርጥ ፊልም የወሰደው ቦንግ ጁን ሆ የዚያ አካዳሚ ተማሪ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. “ሺሪ” የተባለ የአገር ውስጥ ፊልም በኮሪያ በተመልካች ብዛት “ታይታኒክ”ን ሲበልጥ፣ ተመልካቹ የመጣው በሕግ ተገዶ አልነበረም። ጥበቃው ጊዜ ገዛ፤ በተገዛው ጊዜ ሰው ተማረበት። የእኛ ክርክር ጥበቃውን ብቻ አነሣና ትምህርቱን ረሳ።

የእኛ ቤት ችግር

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ድራማ ሞቷል የሚል ሰው አላየም። በኢቢኤስ የሚታየው “በስንቱ” ቤተሰብ አንድ ላይ የሚስቅበት ሥራ ነው። ቃና ራሱ በትርጉም ብቻ አልቆመም፤ “አደይ”ን የመሰለ ወጥ የአማርኛ ድራማ ወደ መሥራት ገብቷል። ከሁሉም በላይ ግን በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው “እረኛዬ” አለ።

“እረኛዬ” ለእኔ ክርክሩን የዘጋ ድራማ ነው። ገጠሩን የታሪኩ ልብ አድርጎ፣ በገጠሩ አማርኛ፣ ሳይሳለቅበት፣ ሳያስጌጠው ተናገረ። ከተሜው ልጅ ሳይቀር ቁጭ ብሎ አየው። “ሕዝቡ ቪላና ቆንጆ መኪና ካላየ አይቀመጥም” የሚለው አባባል በዚያ ድራማ ውድቅ ሆነ። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ በጋራ ጻፉት፤ ቅድስት ይልማ ዳይሬክት አደረገችው። ሦስት ጸሐፊ መሆናቸውን አስምሩበት። ብዙዎቹ ድራማዎቻችን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የወደቁ ናቸው። ያው ሰው ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ አንዳንዴም ይተውናል፣ ስፖንሰርም ይለምናል። እሱ ሲታመም ወይም ሲሰለች ድራማው ይቆማል። ተመልካቹ “ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል” ተብሎ ይነገረዋል፤ አንዳንዱ ያንንም አይነገረውም። በእናቴ ቤት እንዲህ ተጀምረው መጨረሻቸውን ያላየናቸውን ድራማዎች መቁጠር ትተናል። የተመልካች እምነት የሚሰበረው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ሌላው ችግር ገንዘብ ነው። ለዓመታት የቴሌቪዥን መዝናኛን የተሸከሙት የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አስወጣ። ለጤናና ለልጆች ሲባል የተወሰደ ውሳኔ ስለሆነ አልቃወመውም። ነገር ግን የተነሣውን ገንዘብ የሚተካ ምንጭ ሳይዘጋጅ ምሰሶው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ አዘጋጆች ድራማውን በማስታወቂያ መሐል አጣበቁት። የትራጄዲው ተዋናይ እንባውን ጠርጎ የስፖንሰሩን ሳሙና ያመሰግናል። ተመልካቹ ይህን ሲያይ ታሪኩን ማመን ያቆማል።

በ2021 እ.ኤ.አ. ዲኤስቲቪ “አቦል” የተባለውን የአማርኛ ጣቢያ ሲከፍት ለአገር ውስጥ አምራቾች አዲስ ገዢ ተገኘ። ይህ በጎ ነው። ሆኖም የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው የደቡብ አፍሪካው ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ እጅ ገብቷል። ስለ አማርኛ ድራማ የመጨረሻው ውሳኔ በፓሪስ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል ማለት ነው። በአንድ የውጭ ገዢ ትከሻ ላይ ብቻ የሚቆም ኢንዱስትሪ በአንድ ጸሐፊ ትከሻ ላይ ከቆመ ድራማ አይሻልም።

ቀጠሮው ወደ ስልክ ሲገባ

ይህ ሁሉ ሳይፈታ ሌላ ለውጥ ደርሶብናል። ድራማው በጣቢያ በታየ በሰዓታት ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ዋሽንግተን ያለው ታክሲ ነጂ በፈረቃው መሐል፣ ሪያድ ያለችው ሠራተኛ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ቴል አቪቭ ያለው ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ ያየዋል። ስደተኛው ከአገሩ ወሬ እንዳይቆረጥ ይህን የመሰለ ድልድይ አልነበረም። ለአምራቹም አዲስ ገቢ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕይታ ከአዲስ አበባው ይልቅ ብዙ የማስታወቂያ ገንዘብ ያስገኛል። ስለዚህ ጸሐፊው ሳያውቀው ለማን እንደሚጽፍ ሊለወጥ ይችላል። ናፍቆትን ብቻ የሚቀልብ፣ አገሩን በፖስት ካርድ የሚያሳይ ድራማ እንዳይበዛ እሠጋለሁ። የአዲስ አበባዋ ተመልካች የቤት ኪራይዋን፣ የልጆቿን ትምህርት ቤትና የጎረቤቷን ሙግት በድራማው ውስጥ ማየት አለባት።

ስልኩ ሌላም ነገር ወስዷል። የእህቴ ልጅ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን የኮሪያ ድራማ ታያለች። ወንድሟ ሙሉ ድራማ ለማየት ትዕግሥት የለውም፤ በቲክቶክ በሁለት ደቂቃ የተጨመቀውን ይበቃኛል ይላል። እናቴ አሁንም በሰዓቷ ትቀመጣለች። ሦስቱ በአንድ ሳሎን ሆነው በሦስት አገር ያመሻሉ። በነጋታው ምሳ ላይ ሦስቱን የሚያነጋግር ታሪክ የለም። ድራማ ለቤተሰብ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ አብሮ የሚፈረድበት ሰው ነው። አስናቀን አብረን ጠልተነዋል። በዚያ ጥላቻ ውስጥ አባት ለልጁ ስለ ክህደት፣ እናት ለሴት ልጇ ስለ ትዳር ትናገር ነበር። በቀጥታ ለመናገር የሚያሳፍረውን ነገር በአስናቀ በኩል እንናገረው ነበር።

ምን ይደረግ?

እኔ ተመልካች ነኝ፤ የምጠይቀውም እንደ ተመልካች ነው።

ለጣቢያዎች፦ ድራማ ማሳየት የምትጀምሩት አስቀድማችሁ ሙሉ ወቅቱን ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ይሁን። አሥራ ሦስት ክፍል ከሆነ አሥራ ሦስት በሉን። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ወር ሙሉ ከመንጠባጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ወር መምጣት ይሻላል። የአመራረቱ ሒሳብ ያው ነው፤ የሚለወጠው ቀጠሮው ነው።

ለስፖንሰሮች፦ ገንዘባችሁን ለጽሑፉ አስቀድሙ። “እረኛዬ” ያሳየን የጽሑፍን ጉልበት ነው።

ለትርጉም ሥራ ባለቤቶች፦ አማርኛው ከአዲስ አበባ ይውጣ። ለገጠሩ ገጸ ባሕርይ የገጠር አማርኛ ስጡት። ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ድምፆችን ቅጠሩ። የተርጓሚዎቻችሁንም ስም ሰው ማንበብ እንዲችል ረጋ አድርጋችሁ አሳዩን።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች፦ ከትርጉም ድራማ ጋር መጣላቱ ይብቃ። ከሱ የምትማሩት አለ፤ በየቀኑ መምጣትን፣ ታሪክን በክፍል መጨረሻ ላይ ማንጠልጠልን፣ መጨረስን። እሱ የማይችለውን እናንተ ትችላላችሁ። ቱርኩ የእኛን የእድር ሸንጎ፣ የእኛን የውርስ ክርክር፣ የእኛን የምራትና የአማት ዝምታ አያውቀውም። ይህን ካልጻፋችሁልን ማንም አይጽፍልንም።

ለእኛ ለተመልካቾችም አንድ ቃል አለኝ። በየስልኩ የሚሰራጨውን የተሰረቀ ቅጂ ከማየት አምራቹ በራሱ ገጽ የጫነውን እንይ። ሲኒማ ቤት የአገራችን ጥሩ ፊልም ሲወጣ ትኬት እንግዛ። ጥሩ ድራማ ካየን ለሰው እንንገር።

ሕዝቡ ድራማውን አልጠላም፤ በአስናቀም አይተነዋል፣ በ“እረኛዬ”ም አይተነዋል። የሚፈልገው ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ፣ የጀመረውን የሚጨርስ ታሪክ ነጋሪ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብም ሕግም አይጠይቅም፦ ቀን ቁረጡ፣ ቀኑንም አክብሩ።